የመጀመሪያ የቆዳ ቦርሳችሁን በእጅ ስትሰፉ፦ ከካርቶን እስከ ማንገቻ

የመጀመሪያው ቦርሳዬ ማንገቻ የለውም። ዲዛይኑ እንደዛ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱንም ጎን ጥርቅም አድርጌ ሰፍቼ፣ ክሩን ቆርጬ፣ እያገላበጥኩ ሳደንቀው ነው ማንገቻው ትዝ ያለኝ። ልሰፋው ሞከርኩ። አንዱ እጄ ውስጥ ገብቶ መርፌውን መቀበል አለበት፤ ውስጡ ግን እጅ አያዞርም። ግማሽ ሰዓት ታግዬ፣ ጣቴን ሁለት ቦታ ወግቼ ተውኩት። አሁን የተረፈ ክር አስቀምጥበታለሁ።

ስለዚህ ከምንም በላይ የምነግራችሁ ስለ ቅደም ተከተል ነው። መስፋቱን ማንም ይለምደዋል። ቦርሳ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መርፌ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ቆዳ ሲመረጥ፣ ሲለካ፣ ሲቆረጥና የቱ ከየቱ ቀድሞ እንደሚሰፋ ሳይታሰብ ሲቀር።

የምንሰራው ምንድን ነው

በጎን የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ። ዚፕ የለውም፣ ገበር የለውም፣ ብረት የሚባል ነገር የለበትም። ስልክ፣ የገንዘብ ቦርሳ፣ ቁልፍና አንድ ደብተር ይይዛል። ክዳኑ ወደ ፊት ይታጠፍና ጫፉ ላይ ያለው ምላስ ከፊት በተሰፋች ትንሽ የቆዳ ማስገቢያ ውስጥ ያልፋል፣ ልክ የቀበቶ ጫፍ እንደሚያልፈው። በቃ።

«ዚፕ የሌለው ቦርሳ ምን ያደርግልኛል» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ዚፕ በእጅ መስፋት ይቻላል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዚፕ፣ ገበርና ኪስ አንድ ላይ የጀመረ ሰው ሲጨርስ አላየሁም። በየገዳሙ ግድግዳ ላይ የብራና መጻሕፍት የሚንጠለጠሉበትን ማኅደር አይታችሁ ከሆነ፣ ቆዳ፣ ስፌትና ማንጠልጠያ ብቻ ነው፤ ዕድሜው ግን ከእኛ ይበልጣል። ስልቻም ያው ነው። የፍየሉ ቆዳ ሳይሰነጠቅ ይገፈፍና አንገቱ አፉ ይሆናል፣ ይታሰራል፣ እህል ይሞላል። ያለ ዚፕ ስንት ዘመን ኖረናል።

መጠኑን አሁኑኑ ልስጣችሁ፣ ከታች ደጋግሜ እጠቅሰዋለሁ። ፊቱ 24 ሳንቲ ሜትር በ20 ነው። ጀርባውና ክዳኑ አንድ ቁራጭ ናቸው፣ 24 በ36። ከዚህ ውስጥ 20ው ጀርባ ነው፣ 1 ሳንቲ ሜትር ለእጥፋቱ፣ 10 ለክዳኑ፣ የመጨረሻው 5 ደግሞ ለምላሱ። ምላሱ ስፋቱ 3 ነው፤ ክዳኑ ከ24 እየጠበበ ይመጣና እዚያ ይደርሳል። ማንገቻው 120 በ2.5፣ ማስገቢያዋ 6 በ2።

ቆዳው

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ብሩን የሚያቃጥለው እዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ቦርሳ የበሬ ወይም የላም ቆዳ ግዙ። የበግ ቆዳችን ለጓንትና ለጃኬት ዓለም ላይ የታወቀ ነው፣ የፍየሉም ቢሆን «ባቲ» የሚለው የከተማዋ ስም በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የጥራት ስም ሆኗል። ግን የጃኬት በግ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ስትቆርጡት ይሸሻል፣ ስትሰፉት ይሰበሰባል፣ ማንገቻ ስታደርጉት በሳምንቱ ጉልበታችሁ ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር፤ በእጄ ሳሸው ቅቤ ሲሆንብኝ ልቤን ወሰደው።

የምትፈልጉት ውፍረት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ ሁልጊዜ ልኩን አይነግራችሁም፣ መለኪያም አይኖራችሁ ይሆናል። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 15 እና 20 ወረቀት ለየብቻ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና ከቆዳው ጠርዝ ጋር በጣታችሁ አስተያዩ። ሻጩ ትንሽ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

ቆዳ የሚሸጠው በፊት ነው፣ ማለትም በስኩዌር ፊት። የኛ ቦርሳ በስሌት 2 ፊት አይሞላም። ግን 2 ፊት ገዝታችሁ አይበቃችሁም፤ ጠባሳ ታልፋላችሁ፣ መለማመጃ ትፈልጋላችሁ፣ ማንገቻውም ርዝመት ይጠይቃል። ከ4 እስከ 5 ፊት ብትይዙ አትሳቀቁም። 120 ሳንቲ ሜትር በአንድ ቁራጭ ካላገኛችሁ አንድ 65 እና አንድ 60 ቆርጣችሁ 5 ሳንቲ ሜትር አደራርባችሁ መቀጠል ይቻላል። መርካቶ ለጫማ ሰሪዎች እቃ የሚያቀርቡት ሱቆች ጋ ሂዱና መጀመሪያ ቁርጥራጭ ጠይቁ። ለመለማመጃ ሙሉ ቆዳ መግዛት ሞኝነት ነው።

እጃችሁ ሲገባ ገልብጡት። የእውነት ቆዳ ጀርባው ጭራ ጭራ ያለው፣ ሻካራ ነው። ጨርቅ ወይም መረብ የመሰለ ነገር ከታየ ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው። ከጠርዙ ክር የምታክል ቆርጣችሁ በላይተር ለኩሷት፤ ቆዳ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ግን ይቀልጥና ይንጠባጠባል። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ጊዜ «የላም ነው» ተብዬ የሆነ ላስቲክ ተሸክሜ ገብቻለሁ።

ቀጥሎ ጠባሳ። የበግና የፍየል ቆዳ ላይ ሽፍታ የመሰለ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» የሚሉት ነው፣ በከብቱ ላይ የኖሩ ተባዮች ትተውት የሄዱት። የበሬ ቆዳ ላይ ደግሞ የእሾህ ጭረት፣ የቀንበር ምልክት፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ማኅተም ታገኛላችሁ። እነዚህ መልክ እንጂ ጉዳት አይደሉም፤ እንዲያውም እኔ አንዳንዱን ሆን ብዬ ክዳኑ ላይ አወጣዋለሁ። የሚያስፈራው በጀርባ በኩል ያለ የቢላ ቁስል ነው። ቤት ውስጥ በበዓል ሲገፈፍ ቢላዋው ይሳሳትና ግማሽ ድረስ ይገባል፤ በፊት በኩል ምንም አይታይም። ቆዳውን አጥፋችሁ በጀርባው ጣታችሁን አሂዱ። ቁስሉ ማንገቻ ላይ ከወደቀ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበጠሳል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ አለፋፉን ነው። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። የተቆረጠ ጠርዙ ውስጡ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይላል። ለስላሳ ነው፣ ውኃ ቶሎ አይጎዳውም፣ ጠርዙ ግን ብታሹት ብታሹት አያበራም። በእፅዋት የለፋው፣ እንደ ድሮው በግራር ቅርፊት ማለት ነው፣ ውስጡ ቡናማ ነው፣ ደረቅ ይላል፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ጠርዙም ታሽቶ ይወለውላል። ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካላገኛችሁ ክሮሙም ምንም አይል።

ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻ ነገር፦ ነጭ ሶፍት በምራቃችሁ አርጥቡና ፊቱን ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ቀለም ከለቀቀ ይቅርባችሁ። እሁድ ጠዋት ነጠላ ላይ ስታነግቱት ታስታውሱኛላችሁ።

መሣሪያ

ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ቪዲዮዎች አይታችሁ ሃያ ዓይነት ብረት አትዘዙ። የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ምላጭ የገባበት ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ ሰም፣ ማስቲሽ፣ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አምስት ስድስት የልብስ መቆንጠጫና አንድ ሹካ ነው። አዎ፣ የምግብ ሹካ። ከስር የሚነጠፍ ጣውላም ያስፈልጋል። እኔ የእናቴን መክተፊያ ወስጄ ወስፌ ወግቼበት እስካሁን ሽንኩርት በከተፈች ቁጥር ታነሳብኛለች፣ እናንተ የራሳችሁን ፈልጉ።

ክሩ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጫማ ክር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፖሊስተር ወይም ናይለን። የልብስ ክር አደራርቤ እሰፋለሁ አትበሉ፣ ይበጣጠሳል።

ሰሙ ክሩ እንዳይሻክርና ቀዳዳው ውስጥ ያዝ እንዲያደርግ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ግዙና ክሩን በላዩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት። ማር ማር ካልሸተታችሁ ፓራፊን ይሆናል፣ እሱ ይፈረፈራል። ጠጅ የሚጥል ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ሰፈፉን ለምኑት፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ማስቲሽ ላይ ይሄኛው ይሻላል ያኛው ይሻላል የሚል ክርክር አለ። ለኛ ቦርሳ ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ ነው። የሚይዘው ስፌቱ ነው።

መርፌዎቹን ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና አደንዙ። እብደት ይመስላል። ቀዳዳውን የሚበሳው ወስፌው ነው፤ መርፌው መንገድ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሹል ከሆነ ክሩን ይሰነጥቀዋል፣ ጣታችሁንም አይምርም።

መጀመሪያ በካርቶን

ማንኛውንም የእቃ ካርቶን ፍቱና ከላይ ባለው ልክ ሁሉንም ቁራጮች ቁረጡ። በፕላስተር አያይዙት። ከዚያ ስልካችሁን፣ ደብተራችሁን፣ በየቀኑ የምትይዙትን ሁሉ ክተቱበት።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ ጎን የሌለው ጠፍጣፋ ቦርሳ ወፍራም ነገር ሲገባበት ወርዱ ይቀንሳል። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መጽሐፍ ብትከቱ የውስጡ ወርድ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላል። የስፌቱ ጠርዝ ደግሞ በየጎኑ ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። የናንተ ደብተር ትልቅ ከሆነ አሁን አስፉት፣ ካርቶን ርካሽ ነው። ሁለተኛ፣ ቦርሳው ሲሞላ ክዳኑ ያጥራል። ስለዚህ የማስገቢያዋን ቦታ ባዶ ቦርሳ ላይ አትለኩ። ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥፋችሁ፣ ምላሱ የት ጋ እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። እኔ ጋ የማስገቢያዋ የላይ ጠርዝ ከፊቱ ጫፍ 11 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ነው የመጣው።

ለማንገቻው መቀነት ወይም ገመድ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ቁመታችሁንና ወፍራም ካፖርት ትለብሱ እንደሆነ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። 120 የኔ ልክ ነው።

መቁረጥ

ቆዳውን በጀርባው ዘርጉና ካርቶኑን አስቀምጡ፣ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩ። ቆዳ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። የጀርባ አጥንቱ አካባቢ ያለው ጥብቅ ነው፣ ሆዱ ጋ ያለው ይለጠጣል። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጎትቱት፣ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ማንገቻው በአከርካሪው ርዝመት ከጥብቁ ቦታ ይውጣ። ማስገቢያዋ ከየትም ትውጣ። ሌላ ነገር ከጠበባችሁ ፊቱን ከላላው መስዋት ማድረግ ትችላላችሁ፣ ማንገቻውን ግን በጭራሽ።

ካተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ወደ ጎን ካጋደለ ጠርዙ ተዳፋት ይሆናል። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አትታገሉ። ቀለል አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ አሂዱት። ማስመሪያውን የያዘው እጃችሁ ጣቶች ከጠርዙ ውጭ እንዳይሆኑ፤ ካተር ሲንሸራተት ሰው አይመርጥም። የታችኞቹን ሁለት ማዕዘኖች ክብ አድርጓቸው፣ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላላጣል። የቡና ሲኒ ገልብጣችሁ ማዕዘኑ ላይ አስቀምጡና ዙሩት፣ ልኩ እሱ ነው።

ማንገቻውን ከቆረጣችሁ በኋላ ወዲያው አትስፉት። 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጄሪካን አንጠልጥሉበትና ያድር። 5 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ጠዋት ስትለኩት ትንሽ ረዝሞ ታገኙታላችሁ። የሚለጠጠውን አሁን ይጨርስ፣ ከዚያ በልካችሁ ቁረጡት።

ከመዘጋቱ በፊት የሚሰፉት

ይህቺን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቧት፣ አልጋዬ ስር ያለው ማንገቻ የሌለው ቦርሳዬ ምስክር ነው። ቦርሳው ገና ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ እያለ ነው ማስገቢያዋም ማንገቻውም የሚሰፉት።

ማስገቢያዋን ፊቱ ላይ ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ አግድም አስቀምጡ። በግራና በቀኝ ጫፏ 1፣ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ይያዛል፣ መሃሉ ደግሞ ትንሽ ጉብ ይበል። ልጥፍ ካለ ምላሱ አይገባም። በስፌቶቹ መካከል ቆዳው ላይ 3.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፣ ምላሱ 3 ነውና በቂ ነው። በየጫፉ አራት አራት ቀዳዳ ይበቃል።

ማንገቻውን ጀርባው ላይ በውጭ በኩል አስቀምጡ። ከእጥፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎን ጠርዝ ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይጀምርና 5 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከጎኑ ጋ አስጠግታችሁ ካደረጋችሁት ኋላ ከጎኑ ስፌት ጋር ይጣላል። በውስጥ በኩል 4 በ6 የሆነ ቁርጥራጭ በማስቲሽ ለጥፉበት፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው። ከዚያ አራት ማዕዘን ስፉና በመሃሉ መስቀል አድርጉ። ማንገቻው አለመጠማዘዙን ሳታዩ ሁለተኛውን ጫፍ አትስፉ። አንድ ጊዜ ተጠማዝዞብኝ ከሃያ በላይ ስፌት ፈትቻለሁ።

ማጣበቅ

የፊቱን ቁራጭ ጀርባው ላይ፣ ሻካራውን ከሻካራው ጋር አድርጋችሁ እንዲገጥም ሞክሩ። ከዚያ ሦስቱን ጎኖች፣ ግራ፣ ታችና ቀኝ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ማስቲሽ ቀቡ፣ ሁለቱንም ወገን፣ በስሱ። አፉን እንዳትቀቡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ በጣት ሲነካ መያዝ ሲያቆም ነው የሚጣበቀው። ትዕግሥት ያጣ ሰው እርጥቡን ያጣብቅና «ማስቲሹ የማይረባ ነው» ይላል። አንዴ ከተነካካ መልሳችሁ ማንቀሳቀስ ስለማትችሉ ከታችኛው መሃል ጀምራችሁ ወደ ጎኖቹ ሂዱ። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ጨርቅ አልብሳችሁ።

መስኮት ክፈቱ። ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም አታጣብቁ። ሽታው ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል።

ቀዳዳ

ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስሩ፣ በወስፌው ጫፍ ጭረት ብቻ። ከዚያ ሹካውን ውሰዱ። ጥርሶቹን መስመሩ ላይ ጫን ስታደርጉ አራት እኩል የሆኑ ምልክቶች ይቀራሉ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጥርስ የመጨረሻው ምልክት ላይ አሳርፉና እንደገና ጫኑ። እንዲህ እያላችሁ ዙሩ። በየ5 ሚሊ ሜትሩ ገደማ ምልክት ካገኛችሁ ከላይ ግራ እስከ ላይ ቀኝ ያለው 64 ሳንቲ ሜትር ወደ 125 ቀዳዳ ይሆናል። አትደንግጡ። አንድ ምሽት ነው።

ሁለቱ ቁራጮች ተጣብቀዋልና አብረው ነው የሚበሱት፣ ስለዚህ ቀዳዳዎቹ መጋጠም አለመጋጠም አያሳስባችሁም። የሚያሳስበው ወስፌው ማጋደሉ ነው። ፊት ለፊት ቀጥ ያለ መስመር ይታያችሁና ገልብጣችሁ ስታዩ ጀርባው የሰከረ ሰው መንገድ ይሆናል። ጣውላው ላይ አስተኝታችሁ፣ ወስፌውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በመዶሻ አንድ ጊዜ ምቱ። ሃያ ያህል ቀዳዳ ቁርጥራጭ ላይ ሳትለማመዱ ቦርሳውን አትንኩ፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ስፌቱ

አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ በየጫፉ አንድ። ምስጢሩ ይሄ ነው። ማሽን በሁለት ክር ነው የሚሰፋው፣ የላዩና የታቹ መሃል ላይ ተቆላልፈው። አንዱ ሲበጠስ ስፌቱ ይፈታል። የኛ ግን አንዱ ክር በሁለቱም ወገን በየቀዳዳው ስለሚያልፍ አንድ ቦታ ቢበጠስ ጎረቤቱ ይይዛል።

የክሩ ርዝመት ከስፌቱ አራት እጥፍ ይሁንና ጥቂት ይጨመርበት። 64 ሳንቲ ሜትር በአራት 2 ሜትር ከ56 ነው። ይሄን ሁሉ እየጎተቱ መስፋት ክንድ ያዝላል፣ ይተበተባልም። ለሁለት ክፈሉት። አንድ ሜትር ተኩል ቁረጡና እስከ ታችኛው መሃል፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሜትር ተኩል።

ቦርሳውን በጉልበቶቻችሁ መካከል ያዙ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ ይዞር። የላላ ቦታ ካለ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ጥርሱ ቆዳውን እንዳይነክሰው ቁርጥራጭ ጣል አድርጉበት። ከላይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ አንዱን መርፌ አስገቡና ክሩ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ጎትቱ። አፉ በጣም ስለሚጎተት ክሩን በጠርዙ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሩት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ። የግራውን መርፌ ወደ ቀኝ አሳልፉ፣ ጎትቱ። ከዚያ የቀኙን መርፌ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ፣ አሁን ከወጣው ክር በታች አስገቡ። ከመሳባችሁ በፊት የመጀመሪያውን ክር ወዲያ ወዲህ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ አልተወጋም ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱንም እኩል ሳቡ። ሦስተኛው ላይም መጀመሪያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ፣ ከታች። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። አንዱ ላይ ቅደም ተከተሉን ብትቀይሩ ያቺ ስፌት ብቻዋን ወደ ሌላ ትዞራለች፣ ዓይናችሁም ለዘላለም እሷን ነው የሚያየው።

ምን ያህል ልሳብ የሚለውን ያስተማሩኝ ሰፈራችን ያሉ ጫማ ሰፊ ናቸው። ክሩን በሙሉ ኃይሌ ስጎትት አይተው «የኔ ልጅ፣ አታንቂው እንጂ፣ አስተኚው» አሉኝ። ቆዳው በክሩ ዙሪያ ከተጨማደደ አንቃችሁታል። ክሩ ከቆዳው ላይ ብድግ ካለ ደግሞ ላልቷል። እኚህ ጋሼ፣ ወርቅ የመሰለ ስፌታቸውን የሚሰፉት ሬዲዮ እያዳመጡ፣ ሳያዩ ነው። እኔ እስካሁን እቆጥራለሁ።

መሃል ላይ አዲሱን ክር ስትጀምሩ ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጀምሩ፣ ይደራረብ። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ተመልሳችሁ ስፉ፣ ሁለቱንም ክር ወደ ጀርባ አውጡና 2 ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ በላይተር ጠጋ አድርጋችሁ አቅልጡና በካተሩ ጎን ጫን አድርጉት። ላይተሩ ቆዳውን እንዳይነካ።

ጠርዝና እጥፋት

ሁለቱ ቁራጮች በጠርዝ በኩል እኩል ካልሆኑ በካተር አስተካክሉና መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት እሹ። በእፅዋት የለፋ ከሆነ ጣታችሁን በውኃ አርጥባችሁ ጠርዙን ዳሱ፣ ከዚያ በወፍራም የጂንስ ጨርቅ እስኪሞቅ ድረስ እሹት፣ ሰም ቀቡና እንደገና። ያበራል። ክሮም ከሆነ አትልፉ፣ ጫማ ሰሪዎች የሶል ጠርዝ የሚቀቡትን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ ተዉት።

ለክዳኑ እጥፋት የጀርባውን በኩል በእርጥብ ጨርቅ ዳሰስ አድርጉ፣ አጥፉ፣ ጨርቅ አልብሳችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱትና ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁበት ይደር። ምላሱ ማስገቢያዋ ውስጥ አልገባ ካለ ስፌቷን አትፍቱ፣ ምላሱን በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ላጩት። መጀመሪያ ሰሞን ጠበቅ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ኋላ ይላላል።

ክረምት ላይ ዝናብ ካገኘው ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጡት፣ ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ጥላ ያለበት ቦታ አንጠልጥሉት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩለት። ሲደርቅ ቀለም የሌለውን የጫማ ኪዊ በስሱ አሹት፣ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ደግሞ ወፈር አድርጋችሁ።